በድሮ ማሳ ላይ በዲቴክተር ቅርስ መፈለግ፦ ከፈቃድ እስከ ርክክብ

«ዲቴክተር እጄ ገብቷል። የአያቴ ማሳ ላይ ድሮ ጦር ሰፍሮበት ነበር ይባላል። ከየት ልጀምር?»

ይህን ጥያቄ ከደሴም ከኮምቦልቻም ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ለአንድ ለአንዱ ከምመልስ ሁሉንም በአንድ ላይ ልጻፈው።

መጀመሪያ በአንድ ነገር እንስማማ። ዲቴክተር መሬት ውስጥ ያለን ብረታ ብረት በድምፅ የሚጠቁም ማሽን ነው፤ የሚጠቅመን ዕቃው የት እንዳለ ለማወቅ ነው። ማውጣቱ የባለሙያ ሥራ ነው። አንድ አሮጌ ቀለህ ኪስ ውስጥ ከገባ ቁራጭ ናስ ነው። ማሳው ላይ የት እንደነበር፣ ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንደተኛ፣ አጠገቡ ምን እንደነበር ከታወቀ ግን ተኳሹ የት ቆሞ እንደነበር ይነግረናል። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚያስተምራችሁ መራመድን፣ መስማትን፣ ምልክት ማድረግንና መመዝገብን ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ዲቴክተር። አፈሩን የማስማሚያ ቁልፍ (ግራውንድ ባላንስ) ያለው ይሁን። ይህ ቁልፍ የሌለው ርካሽ ማሽን በእኛ አፈር ላይ ሲጮህ ይውላል።
- የጆሮ ማዳመጫና መለዋወጫ ባትሪ
- 50 ሜትር የሚደርስ የቀያሽ ሜትርና ረጅም ሲባጎ
- የእንጨት ወይም የሸምበቆ ችካሎች። የብረት ችካል ማሽኑን ያሳስታል።
- የነጭና የቀይ ፌስታል ቁራጭ፣ ችካሉ ላይ የሚታሰር
- ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ እርጥበት ሲነካው ይለቃል፤ እርሳስ አይለቅም።
- ፎቶ የሚያነሳ ስልክና አጭር ማስመሪያ
- የወረቀት ከረጢትና ክዳኑ የሚከፈት የፕላስቲክ ዕቃ
- ብረት የሌለው ጫማና ቀበቶ
- ውሃ፣ ኮፍያ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን

አካፋና ዶማ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ሆን ብዬ ነው የተውኳቸው።

1. ፈቃድ አውጡ

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ቅርስ መፈለግን ይከለክላል። ፈቃዱን የሚሰጠው የፌዴራሉ ቅርስ ባለሥልጣን ነው። «የራሴ ማሳ ነው» ማለት አያዋጣም። የይዞታ ደብተር የሚሰጣችሁ መሬቱን የመጠቀም መብት ነው፤ ከመሬት በታች የሚገኘው ቅርስ የመንግሥትና የሕዝብ ነው።

መንገዱን ከወረዳችሁ ወይም ከከተማችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጀምሩ። ፈቃዱ ሙያና ዝግጅት ስለሚጠይቅ ለብቻ ከመሮጥ ከተመራማሪዎች ጋር መግባት ይሻላል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው፤ የታሪክ መምህራኑን አነጋግሩ። ማሽን ያለው፣ አካባቢውን የሚያውቅና በትዕግሥት የሚራመድ ሰው ለእነሱም ያስፈልጋቸዋል።

ፈቃዱ እጅ ከገባ በኋላም ቀበሌውና ፖሊስ ቀኑንና ቦታውን አስቀድመው ይወቁ። ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ማሳ ላይ ማሽን የሚያወዛውዝ ሰው ማንንም ያስደነግጣል።

2. ማሳው ከተተኳሽ ነፃ መሆኑን አረጋግጡ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ሕይወት ነውና።

የደሴና የኮምቦልቻ አፈር የብዙ ጦርነት ብረት ውጦ ይዟል። ኅዳር 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደብድበዋል። ሚያዝያ 1933 ጣሊያኖች ሲባረሩ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው መንገድ ላይ ከባድ ውጊያ ተደርጓል። የ2014ቱን ጦርነት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያልፈነዳ ቦምብ ወይም ቅምቡላ ሲያረጅ አይበርድም። ዝገቱ ውስጡን እየበላ ይበልጥ ያስቆጣዋል።

ስለዚህ ቀበሌውን፣ ፖሊሱንና ባለማሳውን እነዚህን ጠይቁ፦ እዚህ ቦታ ተተኳሽ ተገኝቶ ያውቃል? ሰው ወይም ከብት ተጎድቷል? ምሽግ ተቆፍሮ ነበር? ከ2014 ወዲህ የሚመለከተው አካል አጽድቶታል? መልሱ «ምሽግ ነበር፣ ግን ማንም አላየውም» ከሆነ አትግቡ። እርግጠኛ ያልሆነም መልስ «አትግቡ» ማለት ነው።

«ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ታርሷል፣ ምንም አልሆነም» የሚል ሰው አታጡም። ይህ ማረጋገጫ አይሆንም። በበሬ የሚጎተት ማረሻ የሚጠልቀው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በታች ያለውን አልነካውም።

ማስጠንቀቂያ፦ የእናንተ ዲቴክተር የፈንጂ ማጽጃ መሣሪያ አይደለም። አንዳንድ ፈንጂ አካሉ ፕላስቲክ ነው፤ ብረቱ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ማሽናችሁ ዝም ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ማሽን ስለያዛችሁ ብቻ ደህና ነን ብላችሁ ያልጸዳ ቦታ አትርገጡ።

ተተኳሽ የሚመስል ነገር ካያችሁ፦ ባላችሁበት ቁሙ። አትንኩት፣ አታንቀሳቅሱት፣ ድንጋይ አትወርውሩበት። ማሽኑን አጥፉ። የመጣችሁበትን ዱካ እየረገጣችሁ ተመለሱ። ራቅ ብላችሁ ቀይ ምልክት ትከሉ፤ ልጆችንና ከብት ጠባቂዎችን አስጠንቅቁ። ከሩቅ ሆናችሁ ለፖሊስ ደውሉ። እቦታው ላይ ቆማችሁ አትደውሉ።

3. የቦታውን ሰዎች አዳምጡ

ባለይዞታውን አስፈቅዱ፤ ከዚያ የመንደሩን ሽማግሌዎች አነጋግሩ። «ጋሼ፣ ወርቅ የት አለ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ድሮ መንገዱ በየት ነበር? ገበያው የት ይቆም ነበር? ውሃ የሚቀዳው ከየት ነበር? ቤት የነበረበት ቦታ የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰው ዕቃ የሚጥለው ሲመላለስ፣ ሲገበያይ፣ ሲሰፍር ነው። የድሮውን መንገድና ምንጭ ያወቀ ሰው ማሽኑን በከንቱ አያደክምም።

መቃብር የነበረበትን ቦታም በዚያው ጠይቁ፤ የቤተ ክርስቲያኑንም የመስጊዱንም ሰዎች። ድንጋዩ ተነስቶ ዛሬ ማሳ የሆነ የቆየ መቃብር አለ። እዚያ ማሽን አይገባም። ሳታውቁ ገብታችሁ አጥንት ካያችሁ ሥራውን አቁሙ፤ ለፖሊስና ለሃይማኖት አባቶቹ ንገሩ።

4. ወቅት ምረጡ

እህሉ ታጭዶ ከተነሳ በኋላ፣ መሬቱ ለበልግ ከመታረሱ በፊት ግቡ። ብዙ ጊዜ ጥር አካባቢ ይመቻል። ቡቃያ ላይ መራመድ የገበሬውን እንጀራ መርገጥ ነው። በክረምት ደግሞ ዋልካው ጫማ ስለሚይዝ ሳህኑን (ከማሽኑ ዘንግ ጫፍ ያለውን ክብ ክፍል) አስተካክላችሁ ማወዛወዝ አትችሉም።

5. ማሳውን በመስመር ክፈሉ

የማይነቃነቁ ሁለት ነጥቦች ምረጡ፤ ትልቅ ዛፍ፣ የእርከን ጥግ ወይም የማይነሳ ቋጥኝ ይሁን። ሁሉንም ነገር የምትለኩት ከእነዚህ ነው። የስልክ ጂፒኤስ ብቻውን አይበቃም፤ ብዙ ሜትር ሊያሳስት ስለሚችል ሁለት የተቀራረቡ ዕቃዎችን አይለይላችሁም።

ከዚያ ሲባጎ ዘርጉና ማሳውን አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ባላቸው መንገዶች ክፈሉት። ለየመንገዱ ቁጥር ስጡ። ያለ ሲባጎ የሚራመድ ሰው ሳያውቀው ደስ ወዳለው ጎን ያዘነብላል፤ ግማሹ ማሳ ሳይነካ ይቀራል። ባዶ የሆነውም መንገድ ይመዝገብ። «እዚህ ምንም የለም» ማለትም መረጃ ነው።

6. ማሽኑን ከአፈሩ ጋር አስማሙ

ጀማሪዎች ተስፋ የሚቆርጡት እዚህ ነው። «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ዝም አይልም» ብለው ይደውሉልኛል። ማሽኑ ደህና ነው።

የደሴ ዙሪያ ተራሮች የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ናቸው። አፈሩም ከዚያው ስለወጣ ማግኔት የሚስቡ የብረት ማዕድኖች አሉበት። ዲቴክተር ደግሞ የሚሠራው በማግኔት ነው። ሳህኑ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል ወደ መሬት ተለዋዋጭ የማግኔት መስክ ይልካል፤ ብረታ ብረት ሲያገኝ እዚያ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ዙረት ይፈጥራል፤ ያ ዙረት መልሶ የራሱን መስክ ሲልክ ማሽኑ ይሰማዋል። ማዕድን ያለበት አፈርም የራሱን መልስ ይሰጣል። ማስማማት ማለት ይህን የአፈሩን መልስ ማሽኑ እንዲተወው ማድረግ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ምንም ብረት የሌለበት ቦታ ፈልጉ። ሳህኑን መሬት ሳይነካ ከ5 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ የማስማሚያውን ቁልፍ አስተካክሉ። ከፍም ሲል ዝቅም ሲል ድምፁ ካልተለወጠ ተስማምቷል። አፈሩ ከቀይ ወደ ዋልካ ሲለወጥ ወይም አመድ የተደፋበት አሮጌ ቤት ቦታ ስትደርሱ እንደገና አስማሙ።

አሁንም የሚጮህ ከሆነ የማሽኑን ስሜት (ሴንሲቲቪቲ) ቀንሱ። ብዙ ሰው ጥልቅ እንዲያይለት ብሎ እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል። በእኛ አፈር ላይ ይህ ጩኸቱን እንጂ ጥልቀቱን አይጨምርም። የመብራት መስመር ሥር ከሆናችሁም ራቁ፤ ስልካችሁንም የበረራ ሁነታ ላይ አድርጉ።

7. ቀስ ብላችሁ አወዛውዙ

ሳህኑ ከመሬት ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ አግድም ይሂድ። ጫፍ ላይ ስትደርሱ ክንዳችሁ ወደ ላይ እንዳያነሳው ተጠንቀቁ። ያኔ ጠርዙ ላይ ያለው ዕቃ ያመልጣል። እያንዳንዱ ውዝዋዜ የፊተኛውን ግማሽ ይደርብ። የሳንቲም መጠን ያለው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው እስከ 15 ወይም 25 ሳንቲ ሜትር ድረስ ነው።

8. ድምፁን ማንበብ ተለማመዱ

ማሳ ከመውጣታችሁ በፊት ግቢያችሁ ውስጥ ተለማመዱ። የብር ቀለበት፣ የመዳብ ሽቦ ቁራጭ፣ ቆርኪና ሚስማር ለየብቻ 10 ሳንቲ ሜትር ቅበሩና ድምፃቸውን አዳምጡ። በደብተር ጻፉት። የቁጥሩ ልክ ከማሽን ማሽን ስለሚለይ የሌላ ሰው ሠንጠረዥ አይጠቅማችሁም።

በጥቅሉ ትንሽ ብረት ወፍራም ዝቅተኛ ድምፅ ይሰጣል። ብርና መዳብ ጥርት ያለ ከፍተኛ ድምፅ አላቸው። መሐል ላይ እርሳስ፣ አልሙኒየምና ትንሽ ወርቅ ይቀላቀላሉ፤ የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀትም እዚያው ነው። ማሽኑ የሚናገረው ስለ ብረታ ብረቱ ዓይነትና መጠን ነው፤ ስለ ዕድሜው ምንም አይነግራችሁም።

ሁለት ነገር አጥብቃችሁ ያዙ።

አንደኛ፣ ብረትን የሚያስጥለውን ማጣሪያ (ዲስክሪሚኔሽን) አትክፈቱ። ሌላ አገር ያሉ ሰዎች ሚስማር ስለሚሰለቻቸው ይከፍቱታል። እናንተ ግን የጦር ጫፍ፣ ጎራዴ፣ አሮጌ ማረሻና ወገል የምታገኙት ከብረት ድምፅ ውስጥ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ አደገኛው ነገርም ብረት ነው። ጆሯችሁን አትድፈኑ።

ሁለተኛ፣ ትልቅ ብረት አንዳንዴ እንደ ብር ጥርት ብሎ ይጮሃል። ሳህኑን ወደ ላይ ብታነሱትም ድምፁ የማይጠፋ ወይም ከሳህኑ ስፋት በላይ የሚሰፋ ከሆነ ከሥሩ ያለው ነገር ትልቅ ነው። «ሣጥን ሙሉ ብር ነው» ብላችሁ አትጎምጁ። የመድፍ ጥይትም እንዲሁ ይጮሃል። በደረጃ 2 እንደጻፍኩት ውጡና ራቅ ብላችሁ ቀይ ምልክት ትከሉ።

9. ምልክት አድርጉ፣ መዝግቡ

ድምፁን ስትሰሙ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ አትመኑ። ዘጠና ዲግሪ ዞራችሁ እንደገና አወዛውዙ። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ ዕቃው ያለበት ነው። ችካሉን ነጥቡ ላይ አትምቱ፤ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ጎን አድርጋችሁ በእጅ ብቻ ትከሉት፣ ነጭ ፌስታል እሰሩበት።

በደብተሩ ላይ ቀኑ፣ የመንገዱ ቁጥር፣ ከሁለቱ ቋሚ ነጥቦች ያለው ርቀት፣ የድምፁ ዓይነትና የአፈሩ ቀለም ይግቡ። ማሳው ሲያልቅ ነጥቦቹን በወረቀት ላይ ሳሏቸው። መልካሙ ነገር እዚህ ይታያል። ነጥቦቹ በአንድ ረድፍ ከተደረደሩ የተኩስ መስመር ወይም የድሮ መንገድ ሊሆን ይችላል። አንድ ቦታ ከተከማቹ ቤት ወይም ሰፈር ነበር ማለት ይሆናል። የትኛው ነጥብ እንደሚቆፈር ባለሙያው የሚወስነው ይህን ሥዕል አይቶ ነው።

10. ላዩ ላይ የወጣ ዕቃ ስታገኙ

ዝናብና ማረሻ የሚያወጡት ዕቃ አለ። መጀመሪያ ሳትነኩ አጠገቡ ማስመሪያ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ፤ አንድ ከቅርብ፣ አንድ ማሳው እንዲታይ ከሩቅ።

ቀለህ ከሆነ የአፉን ስፋት ከማስመሪያው ጋር ማየት ብዙ ያስረዳል። የውጅግራ (የድሮ ጠመንጃ) 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጣሊያን ጦር ጠመንጃ 6.5። ጥይቱ ያልተነቀለ ከሆነ፣ ወይም ባዶ መሆኑን ካልለያችሁ፣ እጃችሁን አታስገቡ።

ማርያ ትሬዛ (የድሮው የብር ገንዘብ) ከሆነ ላዩ ላይ ያለውን 1780 አይታችሁ ዕድሜውን አትገምቱ። ይህ ቁጥር በኋላ በተመቱት ሁሉ ላይ ያው ነው። ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው። ከዚህ በጣም ከቀለለ ያንኑ ጻፉ።

ባለሙያው አንሱት ካላችሁ ብቻ አንሱ። አፈሩን አታራግፉ። ብርና መዳብን በወረቀት ከረጢት አስገቡ፤ በታፈነ ፌስታል ውስጥ እርጥበት ይዞ ይበላዋል። ብረትን አየር በሚያገኝ ዕቃ ውስጥ ጥላ ላይ አኑሩት፤ ፀሐይ ላይ ቶሎ ከደረቀ እየተሰነጠቀ ይረግፋል። ከረጢቱ ላይ የነጥቡን ቁጥር በእርሳስ ጻፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሎሚ፣ አመድ፣ አሸዋ፣ ሽቦ፣ ዘይት አይነካውም። እናቶቻችን ብርን የሚያሳምሩበት መንገድ ለጌጥ ነው። አሮጌ ዕቃ ላይ ያለው አረንጓዴ ወይም ጥቁር ልባስ ጽሑፉንና ቅርጹን ጠብቆ ያቆየው ነው። ከተፈገፈገ ሥዕሉም አብሮ ይሄዳል፤ መልሶ የሚያመጣው ባለሙያ የለም።

11. አስረክቡ

ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ስታስረክቡ ዕቃውን፣ ፎቶውንና የደብተሩን ቅጂ አብራችሁ ስጡ። ዝርዝሩ ተጽፎ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት ቅጂው እናንተ ጋ ይቅር። ዕቃው ወደ ሙዚየም ቢሄድ ከየትኛው ማሳ እንደመጣ የሚመሰክረው ይህ ወረቀት ነው።

ፈቃድ ሳይኖራችሁ በአጋጣሚ፣ ስታርሱ ወይም የቤት መሠረት ስታስቆፍሩ ያገኛችሁም ቢሆን ወዲያው የማሳወቅ ግዴታ አለባችሁ። ባለሥልጣኑ እስኪረከብ ድረስም ባለበት ሁኔታ ጠብቃችሁ አቆዩት።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስሕተቶች

*ማታ መውጣት።* ሰው እንዳያየኝ ብሎ በባትሪ የሚሄድ አለ። መሬቱን ሳያይ የሚረግጥ ሰው ተተኳሹንም አያይም። ፈቃድ ያለው ሰው ደግሞ የሚደበቅበት ምክንያት የለውም።

*«ከሩቅ ወርቅ የሚያሳይ» ማሽን መግዛት።* ሁለት አንቴና ያለው፣ ኪሎ ሜትር ርቆ ወርቅ ይጠቁማል የሚባል ዕቃ በውድ ይሸጣል። አይሠራም። «ጣሊያን የቀበረው ወርቅ ካርታ አለኝ» የሚል ሰው አብሮት ከመጣ ገንዘባችሁን ጠብቁ።

*ለቁራሌው መሸጥ።* ዝገት የበላው ብረት በኪሎ ሲሸጥ ቅርሱ ይቀልጣል። በዚህ መሐል ልጆች ለቁራሌው ብለው የሰበሰቡት ብረት ውስጥ ቅምቡላ ይገኛል። ልጆቻችሁን ከማሳ ብረት እንዳይለቅሙ አጥብቃችሁ ንገሯቸው።

*የቦታውን ፎቶ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መለጠፍ።* በማግስቱ ዶማ የያዘ ሰው ይመጣል። ሥራው አልቆ ዕቃው እስኪረከብ ድረስ ቦታውን አትግለጹ።

*ከዚህ በፊት ያገኙትን ቤት ማስቀመጥ።* ሳንቲም፣ መስቀል፣ ጎራዴ ከሆነ አሁንም አልረፈደም። እንዳለ ተዉት፤ የት፣ መቼ፣ ማን እንዳገኘው የምታስታውሱትን ሁሉ ጻፉና አሳውቁ። ቤት ያለው ቦምብ ወይም የመድፍ ጥይት ከሆነ ግን፣ ለዓመታት መደርደሪያ ላይ የኖረ ቢሆንም፣ እናንተ ተሸክማችሁ ፖሊስ ጣቢያ አትውሰዱት። ቤተሰቡን አስወጡ፣ በሩን ዝጉ፣ ራቅ ብላችሁ ፖሊስ ጥሩ፤ የሚያነሳው ሰው እስኪመጣ ማንም አይግባ።